ስታፋው ከተሰበረ

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ጎተራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ እያለሁ ቺንጋ ተቃጠለ። ሞተሩ ላይ የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ ማለቴ ነው። ሽታው ከወለሉ ስር ሽቅብ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ መስኮቱን ከፈተች፣ ሾፌሩም «ምንም አይደል፣ በቃ ትንሽ ሞቆት ነው» ብሎ ነዳጅ ረገጠ። እኔ ግን «ወራጅ!» አልኩ። መውረጃዬ ገና ሩቅ ነበር። ረዳቱ በሩን እየከፈተልኝ «እማማ፣ እዚህ እኮ ምንም የለም» አለኝ። እንደሌለማ አያለሁ። አንድ የመብራት ምሰሶ ብቻ ነበር፤ እሱን ተደግፌ ትንፋሼ እስኪመለስ ቆየሁ። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ፣ ዛሬም የቺንጋ ሽታ ከመኪና ያስወርደኛል። ከወረድኩ አይቀር ነገሩን ላውራችሁ።

ያኔ ካዛንቺስ ነበርን። አሁን ሆቴልና ፎቅ በበዛበት በኩል፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሦስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ነበር። በመንግሥት ለውጡ ማን ወጣ፣ ማን ገባ የሚለውን ሌሎች ጽፈውታል፤ እኔ የማውቀው ባሌ ጌታቸው አንድ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ «ተቀንሰሃል» ተብሎ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤት መምጣቱን ነው። የለበሰው ግራጫ ሸሚዝ ኮሌታው የተገለበጠ ነበር። ዛሬ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ያኔ ኮሌታ ሲያልቅ ይፈታና ያላለቀው ወገን ወደ ውጭ ተገልብጦ ይሰፋል፣ ሙሉ ልብስ ሳይቀር ይገለበጥ ነበር። ዳቦ በሳንቲም ነው፣ ታክሲም በሳንቲም ነው፣ እሱን ሳንቲም ማግኘት ነበር ጣጣው። ሴቱ ሽንሽን ጉርድ፣ ወንዱ ትከሻው የሰፋ ጃኬት ለብሶ ይወጣል። ጥጉ ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግመው፣ ሰፈሩ ሁሉ ወደደም ጠላም ግጥሙን ሸምድዶት ነበር። ጌታቸው በዚያ ሰሞን ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያንን ዘፈን ሲሰማ ይውላል።

በመጨረሻ ከመሥሪያ ቤቱ የሰጡትን ገንዘብ ዕቁባችን ላይ ጨምሮ አንድ ያረጀ ሚኒባስ ገዛና ሰማያዊና ነጭ አስቀባው። ሞተሩ የቤንዚን ነበር። ቀኑን ሙሉ የሠራነውን እሱ ጠጥቶ ማታ ባዶ እጃችንን ያስገባናል። ስለዚህ ጌታቸው እንደብዙው ባለታክሲ ያንን አስወጥቶ፣ ከአንድ የተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር አስገጠመ። መከራችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ፍሬኑን አብሮ ያግዛል። ናፍጣ ይህን አያውቅበትም፤ አየሩን የሚስብለት ቫኪዩም ፓምፕ የሚባል ትንሽ ዕቃ ይፈልጋል። ፓምፑ ከሠራ ፍሬኑ በአንድ እግር ይያዛል። ካልሠራ ፔዳሉ ድንጋይ ነው፤ በሁለት እግር ቆመህበት እንኳ መኪናው የሚቆመው ደስ ያለው ቦታ ሲደርስ ነው። የእኛ ሞተር ሲመጣ ፓምፑ ተፈትቶ ተሸጦ ነበር። መርካቶ ስንት ቀን ተፈልጎ የተገኘው የሌላ መኪና ፓምፕ ነው። ይሠራል፤ ብቻ እኛ ሞተር ላይ መቀመጫ የለውም። «መቀመጫ ይሠራለታ!» ተባለ። ይህን መቀመጫ መካኒኮቹ ስታፋ ይሉታል፤ አንድ ጫፉ በቡሎን ሞተሩ ላይ የሚታሰር፣ ሌላ ጫፉ ፓምፑን የሚይዝ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የተበየደ ብረት ነው። የእኛና የሁለት ልጆቻችን ነፍስና እንጀራ በዚያ ብረት ላይ ተንጠለጠለ።

ስታፋ የሚሠራልን ጋሽ ሸምሱ ነበር። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ጋራዥ ነበረው። ወሬ ይወዳል፣ ጉራም ይወዳል፣ ሜትር ግን አይወድም። ልኩን የሚወስደው በጫማ ካርቶን ነበር። ኮፋኖ ስር ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን ሞተሩ ላይ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ያለው ዘይት ካርቶኑ ላይ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ያንን በመቀስ ይቆርጥና ብረት ላይ አስደግፎ በጠመኔ ይስላል። ልክ እንደ ልብስ ሰፊ አንዴ አስለክቶ፣ አንዴ አውልቆ፣ አንዴ በሞረድ ነካ አድርጎ፣ «ግጥም አለ! እሰይ!» ይላል። የመጀመሪያውን ከአንጎላሬ ብረት ሠራልን፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ስታዲየም አካባቢ ተሰበረ። ሁለተኛውን ከአሮጌ የአልጋ ብረት ሠራው፤ «የሙሽራ አልጋ ነው፣ ብዙ ችሏል» ብሎ አሳቀን።

ስታፋው ሲሰበር ፓምፑ ይንጠለጠላል፣ ቺንጋው ተጣሞ ይቃጠላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ፍሬኑ ይከዳል። ረዳቶቻችን ይህን ያዩ እንደሆነ በማግሥቱ አይመጡም። አንዱ ሲጠፋ ሌላ እየተካን ቆየንና፣ ሰው ሲታጣ እኔ ገባሁበት። ሴት ረዳት ያኔ ጉድ ነበር። ጉርዴን ከላይ፣ የጌታቸውን አሮጌ ሱሪ ከስር አድርጌ በሩ ላይ ቆሜ «ስታዲየም፣ ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ ስጮህ፣ የሰፈሩ ሰው ከየሱቁ ብቅ እያለ ያየኛል። አንድ ቀን አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ «እመቤት፣ ባልሽን ልትጠብቂው ነው የመጣሽው?» አለኝ። «አዎ፣ አንተ ደግሞ መልስህን ጠብቅ» አልኩት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እውነቱ ግን ሰውዬው እንዳለው ነበር። እግሬ ስር ታኮ ነበረኝ፤ ከግንድ የተጠረበ፣ ጎማ ስር የሚወሸቅ እንጨት ነው። የእጅ ፍሬናችን ከሞተ ቆይቷልና ዳገት ላይ በቆምን ቁጥር እየዘለልኩ ጎማው ስር እወሽቀዋለሁ። ፍሬኑ እምቢ ቢል የዚህ ሁሉ ሰው ነፍስ በዚህ እንጨት ላይ ነው እያልኩ ነበር የምውለው። ልጆቻችን፣ አንዷ ገና ፊደል የጀመረች፣ አንዱ ዳዴ የሚል፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ዘንድ ይውላሉ። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ትንሹን ልጅ ከጀርባዬ ሲቀበሉኝ «ልጄ፣ ሁለታችሁም አንድ መኪና ላይ! አያድርገውና አንድ ነገር ቢመጣ እነዚህን ለማን ነው የምትተዪልኝ?» ይሉኛል። የትንሹን ጉንጭ ስሜ እወጣለሁ።

የአልጋው ብረት ሜክሲኮ አደባባዩ ላይ ተሰበረ። ጌታቸው ፔዳሉ ላይ ቆመበት፣ መኪናው ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተና ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ፊት፣ ነጠላዋን ነክቶ ቆመ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ዞር ብላ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ መላ ሰውነቱን ትዳስስ ጀመር። ያ መዳሰስ እስከ ዛሬ አይወጣልኝም። ከዚያ እየተንቀረፈፍን ቂርቆስ ደረስን። ጌታቸው ለሁለት የተሰበረውን ስታፋ ጋሽ ሸምሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ሽጠው» አልኩት።

«ማን ይገዛዋል? ይኼን የሚገዛ ቁራሌው ብቻ ነው።»

«ለቁራሌው ሽጠው!»

«ልጆቹስ? በምን ይበላሉ?»

«ካልሞትን አንድ ነገር እንሆናለን።»

«አልሜ፣ የት ሄጄ ምን ልሥራ? ማለቴ ዕድሜዬን እያየሽው! ማን ነው እኔን የሚቀጥረኝ?» ድምፁ ተሰበረ። የተቀነሰ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም።

ያለኝ ፍርሃት ብቻ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞርኩና እጄን ዘርግቼ «በቂርቆስ ገዝቼሃለሁ!» አልኩት። «አሁን የሚሠራው ስታፋ ከተሰበረ ይህንን መኪና ዳግመኛ ብትነዳ ግዝት ይሁንብህ!»

ጌታቸው ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ አልነበረም። ግዝት ግን ሌላ ነው። የተገዘተ ሰው የገዘተው ሰው ካልፈታው አይፈታም፤ ይህን የማይፈራ በኛ ሰፈር አላውቅም። ኮፍያውን አወለቀ። «እሺ፣ ተገዝቻለሁ» አለ።

ጋሽ ሸምሱ ሞረዱን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። «እንዴ እታለም! በብረት ነገር ሰው ይገዘታል?»

«ምን ላድርግ ጋሽ ሸምሱ?»

«እኔ እያለሁ? ወላሂ ይኼኛው አይሰበርም! ከተሰበረ ሸምሱ ብላችሁ አትጥሩኝ። የልጆች እንጀራ በእኔ ብየዳ አይቆረጥም!»

ያን ዕለት ሌላ ሥራውን ሁሉ አቆመ። ከጀርባ ካለው የብረት ክምር ውስጥ የከባድ መኪና ሻንሲ ቁራጭ ጎትቶ አወጣ። ሁለት ጊዜ መቁረጫ ተሰበረበት። ከግራና ከቀኝ ድጋፍ በየደለት፣ ድጋፉ ላይ ሌላ ድጋፍ ጨመረ። የጎረቤት በያጆች መጥተው እየዞሩ አዩት፣ አንዱ በመዶሻ መታው፣ ሌላው «ዝሆን ብታንጠለጥልበት አይበጠስም» ብሎ መሰከረ። ሦስታችንም ደስ አለን። ስታፋው የሚሰበረው ቀጭን ስለሆነ መስሎናል። ሞተሩ ልክ ባልሆነ መቀመጫ ላይ ሆኖ ሌት ተቀን እንደሚንቀጠቀጥ፣ ቺንጋውም ጠመም ብሎ እንደሚጎትት ያሰበ አልነበረም። መሰበር ያለበት ነገር አንዱ ጋ ቢከለከል ሌላው ጋ ሄዶ እንደሚሰበር ዛሬ ሲታይ ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ዓይናችን ስታፋው ላይ ብቻ ነበር፣ በግዝቱ ምክንያት ይበልጡን እሱ ላይ ተተከለ። ጋሽ ሸምሱ ቀይ ቀለም ሲቀባው «ይኸው፣ የቂርቆስንም የሸምሱንም ስም ይዞ ይሂድ» አለ።

እውነትም አልተሰበረም። ወራት አለፉ። ጌታቸው በየጠዋቱ ኮፋኖ ከፍቶ ስታፋውን በመዳፉ ዳሰስ ያደርገዋል፣ ኮፋኖውን ይዘጋል፣ ወደ እኔ ሳያይ መሪው ላይ ይቀመጣል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አፍንጫዬ የቺንጋ ሽታ ሲፈልግ ይውላል። ተሳፋሪው ያወራል፣ ቴፑ ይዘፍናል፣ ክሩ የወጣ ካሴት በእስክርቢቶ እየጠቀለልኩ እመልሳለሁ፣ ከተሳፋሪው ጋር ስለዳቦ መወደድ አወራለሁ፣ ውስጤ ግን የሚያዳምጠው ሌላ ነው። አንዳንድ ቀን ቂርቆስን ስናልፍ «ዛሬ ይሰበርና ይለይልን» ብዬ እለምናለሁ። ወዲያው ደግሞ የወተት፣ የቤት ኪራይ፣ የልጄ ደብተር ይመጣብኝና «አይ፣ የለም፣ አንተው ጠብቀው» እላለሁ። አንድን ታቦት በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር የለመነች ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አሁን ወሎ ሰፈር ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሚኒባሶቹ ሲከንፉ ሳይ፣ የበሩን ጫፍ ይዘው የሚንጠለጠሉትን ልጆች ሳይ፣ ሻዩን ሳልጠጣ አስቀምጠዋለሁ። ልጄ «እማ፣ የአሁኑ መኪና እኮ ሌላ ነው» ትለኛለች። ይሁን።

ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት እንደተከፈተ፣ አንድ ጠዋት፣ ሞልተን ከካዛንቺስ ወደ እስጢፋኖስ ቁልቁል ስንወርድ፣ ከፊት ቋ! የሚል ድምፅ መጣ። ሽታ አልቀደመውም፤ ለዚያ ነው ያልተዘጋጀሁት። ቀጥሎ የራዲያተሩ እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው። ጌታቸው ፍሬን ያዘ፣ አንዴ እሺ አለው፣ ሁለተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ማርሹን ወደ አንደኛ ሊመታው ሲታገል ብረቱ ሲያፋጭ ይሰማል። ከፊታችን የተማሪ ቤት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው አስፋልቱን ሊሻገሩ ጀምረዋል። «አልሜ!» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ታኮውን ይዤ ዘለልኩ። ከጎማው ፊት ወረወርኩት፣ ጎማው ወጥቶበት አለፈ፤ ሮጬ ደረስኩበትና አንስቼ እንደገና፣ በዚህ ጊዜ በእጄ ይዤ ወሸቅሁት። መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ልጆቹ አጠገብ ነበር የቆመው። ጎማው ታኮውን ብቻ ሳይሆን ቀኝ እግሬንም ይዞ መቆሙን ያወቅሁት ሰው ሲጮህ ነው።

ለሚጨነቅልኝ አንባቢ አስቀድሜ ልናገር፤ በዚያ ቀን የሞተ የለም። ጌታቸውም ነፍሱን ይማርና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በስኳር በሽታ፣ በገዛ አልጋው ላይ ነው ያረፈው። ልጆቻችንም ለወግ ማዕረግ በቅተዋል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ስለሞት አይደለም።

ሆስፒታል አስተኝተውኝ ከእግሬ ሁለት ጣት ቆረጡ። ጌታቸው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፌስታል ይዞ መጣ። ብርቱካን መስሎኝ ነበር። ፌስታሉን ፈትቶ ስታፋውን አውጥቶ አልጋዬ ጠርዝ ላይ አኖረው። ቀዩ ቀለም እንኳ አልተላጠም። ቡሎኑ እንደታሰረ ነው፤ ቡሎኑ ላይ ደግሞ የጡጫ ያህል የሞተር ቁራጭ ተንጠልጥሎ ነበር። ስታፋው የታሰረበትን የሞተሩን ጆሮ ነቅሎት ነው የወጣው፤ ራዲያተሩን የበሳውም እሱ ነው። ሞተሩ ከዚያ በኋላ በብየዳም የሚድን አልነበረም።

«ጋሽ ሸምሱ ነው የፈታልኝ። ሲያለቅስ ነበር» አለ። ብረቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «አልተሰበረም አልሜ» አለኝ።

«አየሁት።»

«ግዝቱ ስታፋው ከተሰበረ ነው።»

«ነው።»

«ሌላ ሞተር አለ የሚለኝ ሰው አግኝቻለሁ። በዱቤ ይሰጠኛል። ግን...» አንገቱን ደፋ። «አትንዳ ካልሽኝ አልነዳም። ማለቴ፣ ግዝቱ ባይዘኝም። አንቺ በቃ በይኝ፣ አልሜ። አንዴ በቃ በይኝና ይብቃኝ።»

ቀና ብሎ ሲያየኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ስታፋውን ያመጣው ነጻ መሆኑን ሊያሳየኝ አልነበረም። ያን ሁሉ ወር መሪው ላይ ተቀምጦ እሱም እንደኔ ሲፈራ ኖሯል፤ ጠዋት ጠዋት ያንን ብረት ሲዳስስ እሱም ይሰበርልኝ ይል እንደነበር ፊቱ ላይ አየሁት። እየለመነኝ ነበር። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ለምኖኝ አያውቅም። «በቃ» ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ልጆቹ ዛሬ ቁርስ በሉ?» ብዬ ነው የጠየቅሁት።

«እትዬ አስካለ ሻይ አፍልተውላቸዋል።»

«በምን ጠጡት?»

መስኮቱን አየ፣ ኮፍያውን በእጁ አዞረ፣ መልሶ መሬቱን አየ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

«ፈትቼሃለሁ» አልኩት። «ቂርቆስ ይፍታህ። ሂድና ሞተሩን አምጣ።»

አልተከራከረኝም። ግንባሬን ሳመኝ፣ ብርድ ልብሱን ከቆሰለው እግሬ ላይ ቀስ አድርጎ አስተካከለ፣ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የእግሩ ኮቴ ሲርቅ አልሰማሁም። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ነበር። እዚያው ተኝቼ ሰማሁት፣ ግን አልጠራሁትም፤ ተመልሶ ቢገባ «በቃ» እለዋለሁ ብዬ ፈራሁ።